የክርክር ውድድር የሚዘጋጀው በክረምት ነው

የዩኒቨርሲቲ የክርክር ክበብ ልማድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ ግቢው ሰኔ ላይ ሲዘጋ ክበቡም አብሮ ይዘጋል፤ ጥቅምት ላይ ተማሪው ሲመለስ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ኅዳር ላይ ውድድር ይጠራል። በዚህ ጥድፊያ መካከል ተከራካሪ ማግኘት አያስቸግርም። የሚጠፋው ዳኛ ነው። በመጨረሻው ሳምንት ከየቢሮው መምህር ይለመናል፣ ጓደኛ በእጁ ተይዞ ይመጣል፣ ደንቡ በሻይ ሰዓት የተነገረው ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ለወራት የተዘጋጀ ተማሪ ታዲያ እንዴት ማዳመጥ እንዳለበት በማያውቅ ሰው ፊት ተከራክሮ፣ ለምን እንደተሸነፈ ሳይነገረው ይወጣል። እንዲህ የወጣ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት ባይመለስ አይፈረድበትም።

ይህ መመሪያ በመጪው ዓመት 24 ቡድን ገደማ የሚሳተፍበት ውድድር ለማዘጋጀት ላሰባችሁ ነው። የምለምናችሁ ነገር አንድ ነው፤ ክረምቱን ለዳኞቻችሁ ስጡ። ምልመላውም፣ ሥልጠናውም፣ ጉዞውም፣ ዕረፍቱም ለእነሱ ይሁን። ሌላው ሥራ ከመስከረም በኋላም ይደረስበታል።

ሰኔ፦ መጀመሪያ ሒሳቡ

የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክርክር ሻምፒዮና የሚካሄደው በብሪታንያ ፓርላማ ስልት ነው፤ እናንተም በዚሁ እንደምትሄዱ ልውሰድ። በአንድ ክፍል 4 ቡድን ይገባል፤ 2ቱ የመንግሥትን ወገን፣ 2ቱ የተቃዋሚን ወገን ይይዛሉ፤ በየወገኑ ቀድሞ የሚናገረው መክፈቻ፣ ቀጥሎ የሚናገረው መዝጊያ ቡድን ይባላል። አንድ ቡድን 2 ሰው ነው። ርዕሱ ከተነገረ በኋላ 15 ደቂቃ መዘጋጃ አለ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ተናጋሪ 7 ደቂቃ ይናገራል። ተናጋሪዎቹ 8 ስለሆኑ ንግግሩ ብቻውን 56 ደቂቃ ይወስዳል። ለዳኞች ምክክር 15፣ ለማብራሪያ ሌላ 15 ደቂቃ ጨምሩ። ሰዉ ክፍሉን ፈልጎ እስኪገባ የሚባክነውን ስታስቡበት አንድ ዙር ወደ 2 ሰዓት ይጠጋል። ይህን ቁጥር ያልያዘ መርሐ ግብር ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ይፈርሳል።

24 ቡድን ማለት በአንድ ጊዜ 6 ክፍል ማለት ነው። እንደ ችሎቱ መሃል ዳኛ፣ ግራና ቀኝ ዳኛ ብትመድቡ 18 ዳኛ ያስፈልጋችኋል። 12 ብቻ ካገኛችሁ በየክፍሉ 2፣ 2 አድርጋችሁ አታካፍሉ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ውሳኔ የለም። በ3 ክፍል 3፣ 3 ዳኛ አስቀምጡና የቀሩትን 3 ክፍሎች እጅግ ለምታምኑባቸው ሰዎች ለየብቻ ስጧቸው።

ከተጋባዥ ክበባት ዳኛ ለማግኘት በዓለም አቀፍ ውድድሮች የተለመደው ደንብ ይጠቅማችኋል፤ አንድ ክበብ ከሚያመጣቸው ቡድኖች ቁጥር በአንድ ያነሰ ዳኛ አብሮ ያመጣል። 3 ቡድን የላከ 2 ዳኛ ይልካል። ይህን በግብዣ ደብዳቤው ላይ ከአሁኑ ጻፉት። ኅዳር ላይ ብትናገሩት ልመና ይመስላል፤ ሰኔ ላይ ከተጻፈ ደንብ ነው። አንድ ቡድን ቢቀር ክፍሉ እንዳይጎድል ከራሳችሁ ግቢ የመሙያ ቡድን አዘጋጁ፤ ወደ ግማሽ ፍጻሜ ማለፍ ግን አይችልም።

ቀኑን ስትቆርጡ የቀን መቁጠሪያውን በደንብ እዩት። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁለት ሳምንት ለምግብ ዝግጅት ቀላል ነው። ከዚያ ካለፈ የሴሚስተሩ ዕረፍት የተሻለ ነው። በክረምቱ ራሱ ውድድር እናድርግ ለምትሉ ደግሞ አስቡበት፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በብዛት የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ ማደሪያውና መመገቢያው በተፈታኞችና በክረምት መርሐ ግብር በሚማሩ መምህራን ሊያዝ ይችላል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የድጋፍ ጥያቄያችሁ ከዝርዝር ሒሳቡ ጋር በዚያው ሳምንት የተማሪዎች አገልግሎት ጠረጴዛ ላይ ይድረስ፤ "የዳኞች ትራንስፖርት" የሚለው መስመር ራሱን ችሎ ይጻፍ። በ"ልዩ ልዩ ወጪ" ውስጥ የተደበቀ ገንዘብ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።

ሐምሌ፦ ዳኛ መልምሉ፣ አሠልጥኑ

ከማን ትጀምራላችሁ? በዚህ ዓመት ከተመረቁት ተከራካሪዎቻችሁ። ስልቱን ያውቁታል፣ ገና ሥራ ያልያዙም ይኖራሉ፣ ክበቡንም ይናፍቃሉ። ቀጥሎ ሲከራከሩ ብዙ ያልተሳካላቸው፣ ግን ማስታወሻቸው ንጹሕ የሆነ ልጆችን ፈልጉ። በእኔ እምነት ከእነዚህ የተሻለ ዳኛ የለም፤ ለማሸነፍ ሳይሆን ለመረዳት ያዳምጣሉና። የሕግ መምህራንና ጠበቆችም ይጋበዙ። ሥልጠናውን ግን ማንም አይለፈው። ባለሙያ ሰው የሚያውቀውን ነገር ከተባለው ነገር መለየት ይቸግረዋል፤ በዚህ ስልት ደግሞ ዳኛ የሚመዝነው አንድ አስተዋይ ተራ መራጭ ሆኖ ነው። ጋዜጣ ያነባል፣ ነገር ይገባዋል፣ ወገን አልያዘም፣ ልዩ ሙያ ግን አያመጣም። ተከራካሪው ያላለውን ክርክር በአእምሮው የሚጨርስለት ዳኛ ለአንዱ ቡድን ዘጠነኛ ተናጋሪ ሆኖለታል።

ሥልጠናው ንግግር አይሁን። ከዓለም ሻምፒዮናው የተቀረጹ ክርክሮች ዩቲዩብ ላይ በነጻ ይገኛሉ። አንዱን ምረጡ፤ ሁሉም ሰው ማስታወሻ እየያዘ እስከ መጨረሻው ይየው። ካለቀ በኋላ ማንም ከማንም ጋር ሳይነጋገር ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያለውን ደረጃ ወረቀት ላይ ይጻፍና ወረቀቱ ይሰብሰብ። ከዚያ በኋላ ብቻ ወሬው ይከፈት። ወረቀቶቹን ስትገልጡ ልዩነቱ ያስገርማችኋል፤ አንዱ 1ኛ ያለውን ሌላው 4ኛ ያለበት ይኖራል። ሥልጠናው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ዳኛ "ወደድኩት" ሳይል፣ ከማስታወሻው እየጠቀሰ ያስረዳ፦ ይህ ቡድን ምን አለ? ለምን እውነት እንደሆነ አሳየ ወይ? ለምን እንደሚያሳስበን አሳየ ወይ? ተቃራኒው ሲመታው ምን መለሰ?

ልምምዱን ስትደጋግሙ ሁለት ጉድለቶች ደጋግመው ብቅ ይላሉ። የመጀመሪያው መርሳት ነው። መጨረሻ የተናገረው በጆሮ ስለሚቀር መክፈቻ ቡድኖች ይጎዳሉ። ዳኛው ደረጃ ከመስጠቱ በፊት ማስታወሻውን ከመጀመሪያው ተናጋሪ ጀምሮ እንደገና እንዲያነብ አስለምዱት። የመዝጊያ ቡድኖችን ሲመዝን ደግሞ ጥያቄው "ምን አዲስ ነገር ጨመሩ?" ይሁን፤ የመክፈቻውን ክርክር በተሻለ አንደበት የደገመ ቡድን መክፈቻውን አልበለጠም።

ሁለተኛው ጉድለት የአንደበት ፍቅር ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። እኛ በላ ልበልሃን የወረስን ሰዎች ነን። ከባላገር ችሎት ጀምሮ ነገር ማሳመርን እንደ ጥበብ ስናደንቅ ኖረናል፤ መልካም ቅርስ ነው፣ አይጣልም። ዳኛ ሲሆኑ ግን ውበቱን ወደ ጎን አድርጎ "ከዚህ ውስጥ ምክንያቱ የቱ ነው?" ማለት ግዴታ ነው። ክርክሩ በእንግሊዝኛ ሲሆን ችግሩ ይብሳል። ከተማ ውስጥ ውድ ትምህርት ቤት የተማረው ልጅ ሰተት አድርጎ ይናገራል፤ ከወረዳ የመጣችው ተማሪ ቃል እየፈለገች ትናገራለች፤ ደካማ ዳኛ ፍጥነቱን ዕውቀት ያደርገዋል። በአማርኛ ስትከራከሩም አልዳናችሁም፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ተማሪ አነጋገሩ የተለየ ነውና ያው በደል በሌላ በር ይገባል። የዓለም ሻምፒዮናው እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ቡድኖች የተለየ የማለፊያ ምድብ አለው። እናንተ ምድብ መክፈት ባትችሉ እንኳ ይህን ልምምድ አድርጉ፦ ከክርክሩ ውስጥ የአንዱን ተናጋሪ ንግግር ቃል በቃል ጽፋችሁ ለዳኞቹ በወረቀት ስጡ፤ መዝኑት በሉ። ከዚያ ድምፁን አሰሟቸው። ነጥቡ ከተለወጠ እያንዳንዱ ዳኛ የራሱን ድክመት በዓይኑ አየ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ይሉኝታ ነው። ሦስት ዳኞች ተቀምጠው መሃል ዳኛው መምህር ወይም ታላቅ ከሆነ፣ ግራና ቀኙ "እኔም እንደ እርስዎ ነው" ብለው ይፈርማሉ። ሦስት ዳኛ የመደባችሁበት ትርጉም እዚያው ጠፋ። መድኃኒቱ ሥርዓት ነው። ሁሉም ደረጃውን በየወረቀቱ ሳይጽፍ ማንም አይናገር፤ ሲናገሩም ታናሹ ይጀምር፣ መሃል ዳኛው መጨረሻ ይናገር። ጥረቱ ለመስማማት ነው፤ ደቂቃው ካለቀ ግን በድምፅ ብልጫ ይወሰን። መሃል ዳኛም በሁለቱ ሊሸነፍ እንደሚችል ሥልጠናው ላይ በግልጽ ተናገሩ። ተሸንፎም ውሳኔውን ለተከራካሪዎቹ አክብሮ የሚያስረዳ መሃል ዳኛ ካገኛችሁ እሱን ለፍጻሜው ያዙት።

ነጥብ አሰጣጡ ላይ ብዙ አልቆይም። 1ኛ የወጣው ቡድን 3፣ 2ኛው 2፣ 3ኛው 1፣ የመጨረሻው 0 ያገኛል። ለተናጋሪዎች ነጥብ የሚሰጠው ከ50 እስከ 100 ሲሆን 75 አማካይ ነው። የሁለቱ ተናጋሪዎች ድምር ከቡድኑ ደረጃ ጋር መጣጣም አለበት፤ 2ኛ የወጣ ቡድን ከ1ኛው የበለጠ ድምር ከያዘ ወረቀቱ ተመልሶ ይታረም።

ነሐሴ፦ ከዳኞቻችሁ ጋር ተጓዙ

ፍልሰታ ነሐሴ 16 ይፈታል። ከዚያ እስከ ዘመን መለወጫ ያለው ጊዜ የዓመቱ ምርጥ የጉዞ ወቅት ነው፤ ዝናቡ እየቀለለ፣ መስኩ አረንጓዴ፣ ሰዉም ከጾም ወጥቶ ፊቱ የፈካበት። ዳኞቻችሁን ይዛችሁ ሦስት ቀን ውጡ። ገንዘቡ የማይበቃ ከመሰላችሁ ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ከ50 ኪሎ ሜትር አይርቅም፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ቢበቃ ግን ሐዋሳን እመርጣለሁ።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎሕ ሲቀድ ተነሡ፤ በክረምት መንገድ ላይ ከመሸ አትጓዙ። የመጀመሪያው ቀን የጉዞ ቀን ብቻ ይሁን፤ ሥልጠና አታስገቡበት። ደርሳችሁ ምሳ ብሉ፣ ዕረፉ፣ ማምሻውን በፍቅር ሐይቅ በኩል ዳር ዳሩን ተራመዱ። በማግስቱ ጠዋት አሞራ ገደል ሂዱ። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሲያወጡ፣ አባ ኮዳው ጥሬ ዓሣ ለመሻማት ሲሰለፍ፣ ጉሬዛው ዛፍ ላይ ሲዘል ታያላችሁ፤ ዓሣችሁን እዚያው ጠብሰው ያቀርቡላችኋል። ከዚያ እስከ ምሳ ድረስ ሥልጠና፤ ከሰዓት ዝናብ ከያዘ እንቅልፍ፤ ካልያዘ ታቦር ተራራ ወጥቶ ሐይቁን ከላይ ማየት። ማታ አንድ ክርክር ብቻ ተመልከቱና ከላይ እንዳልኩት በወረቀት ደረጃ ስጡ። ሐዋሳ ወባ አለባትና አጎበር ያለው ማደሪያ ምረጡ።

ለምን ይህን ያህል ወጪ? አብረው ያልበሉ ሰዎች ችሎት ላይ በይሉኝታ ይታሰራሉ። ትናንት ዓሣ አብራችሁ የበላችሁትን፣ ሐይቁ ዳር አብራችሁት የሳቃችሁትን ሰው "አልተስማማሁም፣ ማስታወሻዬን ልንገርህ" ማለት ይቀላል። ይሉኝታን የሚቀንስ ሥርዓት ሐምሌ ላይ ሠራችሁ፤ ሥርዓቱን የሚያሠራ ወዳጅነት ደግሞ የሚገኘው በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ነው። በጉዞው ሰዓት ሁሉ ስለ ክርክር አታውሩ። አውቶቡስ ውስጥ ሥልጠና የሚያካሂድ አስተባባሪ አለ፤ እባካችሁ እንደ እሱ አትሁኑ። መዝናናቱ ለሥራው ማጣፈጫ አይደለም፤ በራሱ የሚገባቸው ነገር ነው፣ በነጻ የሚያገለግሉን ሰዎች ናቸውና።

አንዳንድ ነገሮችን ከመነሣታችሁ በፊት ጨርሱ። ማን ከማን ጋር እንደሚያድር በስም ተጽፎ ለሁሉም ይድረስ፤ ሴት ዳኞች ይህን ቀድመው ማወቅ አለባቸው፤ ለቤተሰብም ማስረዳት የሚያስፈልጋቸው አሉ። የጉዞው አስተባባሪ ስልክ በእያንዳንዱ ቤተሰብ እጅ ይኑር። ጁምዓ የሚሰግዱ ካሉ ዓርብ ቀን ሰዓቱን ክፍት አድርጉ። ሒሳቡን የሚይዝ አንድ ሰው ይሰየም፤ ደረሰኝ በየዕለቱ ማታ ይሰብስብ።

መስከረም፦ ርዕስና ምደባ

ርዕሶችን የሚያወጡ 3 ወይም 4 ሰዎች ምረጡ፤ ተከራካሪ ያሠለጠነ ሰው ከመካከላቸው አይኑር። እያንዳንዱን ርዕስ በሁለቱም ወገን ለ7 ደቂቃ የሚያናግር ነገር አለው ወይ ብላችሁ ሞክሩት። "ይህ ምክር ቤት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ያስቀራል" የሚለው ለምሳሌ ሁለቱንም ወገን ያናግራል። አንድን ተማሪ የራሱን ሃይማኖት ወይም ብሔር ቆሞ እንዲያጠቃ የሚያስገድድ ርዕስ ግን ምንም ያህል ቢጥም ጣሉት።

ምደባውን ታቢካት በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ሥሩ። ነጥብ ይደምራል፣ ተመሳሳይ ነጥብ ያላቸውን ቡድኖች ያገናኛል፣ ዳኛ ይመድባል። በኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖም ይሠራል፤ ኔትወርክና መብራት የሚያስቸግር ግቢ ከሆነ በዚህ ተዘጋጁ። የነጥብ መስጫ ወረቀት ታትሞ ይኑር። ዳኞች በምስጢር የሚሞሉት ቅጽም አሁኑኑ ይበተን፦ የተማሩበት ክበብ፣ ያሠለጠኑት ቡድን፣ ዘመድ፣ የቀድሞ ፍቅረኛ። ምክንያቱን ማንም አይጠይቃቸው፤ ስሙ ከተጻፈ በቂ ነው።

የውድድሩ ቀናት

ሐሙስ ማታ ሁሉም ይግባ። ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ ጠዋት ወንበር ላይ የተቀመጠ ዳኛ አራተኛው ተናጋሪ ላይ ዓይኑ ይከደናል። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ 1 ዙር፣ ቅዳሜ 3፣ እሑድ ከአምልኮ ሰዓት በኋላ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ አምስተኛው ዙር፣ ከዚያ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ። ቅዳሜ አራተኛ ዙር ለመጨመር ትፈተናላችሁ፤ አታድርጉት። የዓለም ሻምፒዮናው እንኳ 9ኙን የማጣሪያ ዙሮች በ3 ቀን ሦስት ሦስት እያደረገ ነው የሚጨርሰው።

ከ18ቱ በላይ 2 ወይም 3 ዳኛ ካላችሁ በየዙሩ ለተወሰኑት ዕረፍት ስጡ፤ ዕረፍቱ ቅጣት እንዳይመስል ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ በተራ ይሁን፣ ተራውም ይለጠፍ። ምሳ ከአንድ ቦታ ቀድሞ ይታዘዝ፤ የጾምና የፍስክ፣ የሙስሊምና የክርስቲያን ብላችሁ በቁጥር አስመዝግቡ። የዳኞች ምግብ ቀድሞ ይቅረብ፤ ወረቀት ሞልተው፣ ማብራሪያ ሰጥተው ሁልጊዜ መጨረሻ የሚደርሱት እነሱ ናቸው፣ ድስቱም ያኔ ባዶ ይሆናል። ከየዙሩ በኋላ ቡና ያለበት፣ ተከራካሪ የማይገባበት አንድ ክፍል ስጧቸው። የቅዳሜ ማታ ግብዣ ከ3 ሰዓት አይለፍ።

ውሳኔው በየክፍሉ በቃል ይነገር፤ መጀመሪያ ደረጃው፣ ቀጥሎ አንዱ ቡድን ሌላውን የበለጠበት ምክንያት። ምክር ከውሳኔው በኋላ ለጠየቀ ብቻ ይሰጣል። አምስተኛው ዙር ግን ዝግ ይሁን፤ ውሳኔው ወዲያው አይነገር፣ የሚቆየውም እስከ ማታ ሳይሆን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ብቻ። አላፊዎቹ ከተነገሩ በኋላ ዳኞቹ የአምስተኛውን ዙር ማብራሪያ የግድ ይስጡ፤ የተሸነፈው ቡድን ከሁሉም በላይ የሚፈልገው ይህን ነው። ተከራካሪዎችም ስለ መሃል ዳኛው፣ ዳኞችም እርስ በርሳቸው አስተያየት ይጻፉ፤ ለፍጻሜው ዳኛ የምትመርጡት ከዚህ ወረቀት ነው።

ፍጻሜው ላይ ባለሥልጣን ወይም ስፖንሰር መጥቶ "ዳኛ ልሁን" ቢል ምን ይደረጋል? ሽልማት ይስጥ፣ መክፈቻ ይናገር፣ ፊት ወንበር ይቀመጥ። ድምፅ ግን ሥልጠናውን ላለፈ ሰው ብቻ ነው። ይህን ደግሞ በዕለቱ ሳይሆን በግብዣ ደብዳቤው ላይ ሚናውን ለይታችሁ በመጻፍ ጨርሱት፤ ያኔ ማንም ቅር አይለውም።

ፍጻሜው እንዳለቀ ሙሉ የነጥብ ዝርዝሩን ለሁሉም ክበብ ላኩ። የዳኞችን የትራንስፖርት ሒሳብ ደግሞ እሑድ ማታ፣ ሻንጣቸውን ከመያዛቸው በፊት፣ በፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ በእጃቸው ስጡ፤ "ፋይናንስ ሰኞ ይከፍላል" ተብሎ የተሸኘ ዳኛ በሚቀጥለው ሰኔ ስትደውሉለት ስልኩን አያነሣም።